ከኡር ቤቶች ወለል በታች

ብሌንደን ታውንሺፕ፣ ኮሎምበስ
መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ ለዳጊ፣

በቅድሚያ ማርሽ ይሰማ። እዚያ ማርሽ ከሌላችሁ አብሮህ የሚተኛው ሰውዬ በከንፈሩ ይንፋልን።

ከጀማነህ ቤት የተሰጠ መግለጫ። በአላም ክሪክ ዳር በምትገኘው መደባችን ላይ የበቀለውን ጎመን ከሐምሌ ወር ጀምሮ ሲዘርፍ የቆየው ፀረ ሕዝብ ኃይል ማንነቱ በትናንትናው ዕለት ተደርሶበታል። ወንጀለኛው ግራውንድሆግ የሚባል ጉድጓድ ቆፋሪ እንስሳ ነው። ጆሮ ያለው አይመስልም፣ ሆዱ ግን የሚኒስትር ነው። እስከ ትናንት ድረስ በስውር የጠረጠርኩት የዕድራችንን ሊቀ መንበር ወልደየሱስን ነበር፤ ጎመን ይወዳል፣ ሲሄድም ያጎነብሳል። ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ ነበር። ግን ይቅርታ ከጠየቅኩት መጠርጠሬን ሊያውቅብኝ ነው፣ ስለዚህ ትቼዋለሁ። መግለጫው እዚህ ላይ ያበቃል።

እንዴት ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እህትህ ሐምራዊትም ደህና ናት፤ እኔን ስትቆጣ ፊቷ ስለሚያምር ቶሎ ቶሎ አናድዳታለሁ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ቆየ። ሳልመልስ በመዘግየቴ ይቅርታ። ፊደልህ በጣም ተሻሽሏል። በዘጠኝ ዓመቱ አሜሪካ ገብቶ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከአያቱ ሀ ሁ ለቆጠረ ሰው እንዲያውም ያስመሰግናል። እዚያ ደብዳቤያችንን ከፍቶ የሚያየው ሰው አማርኛ አለመቻሉ ያሳዝነኛል። ብዙ ነገር እያመለጠው ነው።

እስር ቤት ሆነህ ኮሌጅ መጀመርህን ስሰማ የተሰማኝን አልጽፍም፣ ጭንቅላትህ ያብጣል። የመጀመሪያው ክፍላችሁ ስለ ጥንታዊ ሥልጣኔ መሆኑ ግን ለእኔ የተላከ ስጦታ ነው። ደብረ ብርሃን ሠላሳ ዓመት ጤግሮስንና ኤፍራጥስን በጠመኔ እየሳልኩ አስተምሬያለሁ፤ አንዳቸውንም በዓይኔ አላየሁም። አሁን የሚጠይቀኝ ተማሪ አገኘሁ፣ ያውም ክፍል ጥሎ መሄድ የማይችል።

ሰዎች ለምን ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ከተማ ሠሩ? መጽሐፉ የሚልህ ይህን ነው፤ ወንዙ ደለል አመጣ፣ እህል ተረፈ፣ የተረፈውን የሚጠብቅ ሰው ተሾመ፣ በጎተራው ዙሪያ ከተማ በቀለ። ጻፈው፣ ነጥብ ያሰጥሃል። ነገር ግን ወንዝ የዋህ እንዳይመስልህ። ኤፍራጥስና ጤግሮስ የሚሞሉት አዝመራው ለአጨዳ ሲደርስ ነው። አንድ ገበሬ ለብቻው ቢቆም ወንዙ እህሉንም እሱንም ይዞት ይሄዳል። ግድብ ለመሥራት፣ ቦይ ለመቆፈር ጎረቤት ግድ ነው። የላይኛው ሰው ቦዩን ቢዘጋው ደግሞ የታችኛው በጥም ያልቃል። እንግዲህ ከተማ የተሠራው በመዋደድ ነው ብለው የሚሰብኩህን አትስማ። እርስ በርስ መተማመን ያቃታቸው ሰዎች ለመጠባበቅ ሲሉ ተጠጋግተው ቤት ሠሩ፤ ይኸው ነው።

እናትህ ባለፈው ቅዳሜ ለምን እንዳልመጣች ጠይቀሃል። ወገቧን አሟት ነው። የምትሠራበት ዌርሃውስ ኦቨርታይም ውሰጂ ሲላት እምቢ ማለት አታውቅም፣ ታውቃታለህ። ሌላ ነገር የለም።

አያትህ ጀማነህ

ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዳጊ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። አሁንም በመዘግየቴ ይቅርታ አድርግልኝ። ሽማግሌ ሰው ሥራ የለውም ብለህ ታስባለህ፤ እኔ ግን በዚህ ሰሞን ወዲያ ወዲህ ስል ነው የምውለው።

ሦስት ነገር ጠይቀሃል። ከቀላሉ ልጀምር። ኡሩክ ከተማ ውስጥ ስለተገኙት የሸክላ ጎድጓዳ ሳህኖች የጻፍከውን ደግሜ አነበብኩት። ብዛታቸው፣ አስቀያሚነታቸው፣ ሁሉም እርስ በርስ መመሳሰላቸው። «እኛ የምንበላበትን ትሬይ ይመስላሉ» ያልከው አሳቀኝ፣ ትንሽ ቆይቶ ግን አላሳቀኝም። ከሊቃውንቱ ብዙዎቹ ለሠራተኛ የዕለት ገብሱ የሚሰፈርበት ነበር ይላሉ። የሚስማማኝ ሐሳብ ነው። መንደር ውስጥ ምግብ የምታቀርብልህ እናትህ ናት፤ ምን ያህል እንደራበህ ፊትህን አይታ ታውቃለች። ከተማ ሲመጣ የሚሰፍርልህ የማያውቅህ ሰው ሆነ። የማያውቅህ ሰው ፊትህን ማንበብ ስለማይችል ሳህን ያስፈልገዋል። ለክፍሉ የምትጽፈው ፔፐር ውስጥ ልታስገባው ትችላለህ፣ ከጀማነህ ሰማሁ ማለት ግን አያስፈልግም።

ሁለተኛውን ጥያቄ እንዳላየሁ ሆኜ ላልፈው ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያውን ከተማ የሠራው ቃየን ነው ይላል፤ ለምን ገዳይ ሠራው? ብለሃል። ዳጊ፣ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ጠጥተህ እየነዳህ፣ ከአውቶቡስ ወርዶ ወደ ቤቱ ሊሻገር የነበረውን ያን ሰው ከገደልክ ወዲህ አንተና እኔ ይህን ቃል አፋችን ውስጥ አስገብተነው አናውቅም። ዛሬም አልቀልድበትም። የማውቀው ይህን ብቻ ነው። ቃየን «የሚያገኘኝ ሁሉ ይገድለኛል» ብሎ ፈርቶ ነበር። ቅጥር የሚያጥር የፈራ ሰው ነው። ከተማው ላይ ያወጣው ስም ግን የራሱን አይደለም፣ የልጁን ነው። ከእሱ በኋላ ለሚመጣው እንዲሆን የሠራው ይመስለኛል። ፕሮፌሰርህ ይህ ታሪክ ሳይሆን ሃይማኖት ነው ትልሃለች፣ ትክክል ናት። አንተ ግን ለራስህ ያዘው።

ሦስተኛው፣ የእናትህ ድምፅ በስልክ ለምን ቀጠነ ያልከው። ጉንፋን ነው። ኮሎምበስ በሙሉ ያስላል። ወልደየሱስ እንኳ ሳል ይዞት የዕድሩን ስብሰባ በአጭሩ ቀጨው፤ እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት ታይቶ አይታወቅም። በቪዲዮ ስታያት የከሳች የመሰለችህ ካሜራው ነው። እኔንም እኮ ሽማግሌ ያስመስለኛል።

አያትህ

ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.
(ያልተላከ)

ዳጊ ልጄ፣

እናትህ መሰረት ዛሬ ጠዋት ዐረፈች።

ይህን ጽፌ ተነሥቼ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። በረዶው እየወረደ ነው፤ አንዱ ጎረቤት መኪናውን እየጠረገ ይዘፍናል።

ካንሰር ነው፣ ቆሽቷ ላይ። መስከረም ላይ ሲነግሩን ወደ ጉበቷ አልፎ ነበር። ወገቧን ያልኩህም፣ ጉንፋን ያልኩህም እሱ ነው። «ትምህርቱን እስኪጨርስ እንዳትነግሩት» ብላ እኔን በገብርኤል አስማለችኝ፣ ሐምራዊትን «አፈር ስሆን» ብላ ለመነቻት። ለልጄ የገባሁት ቃል ነው፣ ጠበቅኩላት። አሁን ግን እሷ የለችም፣ ቃሉ ብቻ እጄ ላይ ቀረ።

ሐምራዊት አንተ ያለህበት ደውላ ጠይቃለች። ቤተሰብ ከጠየቀ ከቀብሩ በፊት በዘበኛ ታጅበህ መጥተህ ለጥቂት ጊዜ አስከሬኗን ልታይ ትችል ይሆናል ብለዋታል። እጅህ እንደታሰረ። እስከ ሰኞ አሳውቁን ብለዋል። ሐምራዊት «ይሄ የሱ ራይት ነው አባባ፣ ያንተ አይደለም» አለችኝ።

ሽማግሌዎቹ ሳሎን ተቀምጠዋል። ወልደየሱስ ለብቻው ላለ ሰው መርዶ አይነገርም ይላል። እውነቱን ነው፤ እኔስ ስንቱን አርድቻለሁ። ጎሕ ሲቀድ ተሰባስበህ ትሄዳለህ፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ይጠጋዋል፣ ከዚያ በኋላ ነው አፍ የሚከፈተው፤ ራሱን ከግድግዳ ጋር ላላትም ቢል የሚይዘው እንዲኖር። አንተን እዚያ ማን ይይዝሃል? ወረቀት አንብቦልህ ብረት በር ዘግቶብህ የሚሄድ ሰው? ደግሞስ እናትህን በካቴና ሆነህ ልታያት? ሐምራዊት «እሱ ይወስን» ትላለች። እንዲወስን መንገር አለብኝ፤ መንገር ደግሞ ማርዳት ነው።

ይህን አልልከውም። ከቀብሩ በኋላ ተሰብስበን እንመጣና በአፋችን እንነግርሃለን። እንደ ደንቡ።

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዳጊ፣

ለልደት በዓል እንኳን በሰላም አደረሰህ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እናትህ ስልክ የማታነሣልህ ስልኳ ውሃ ውስጥ ወድቆባት ነው፤ ሐምራዊት እስክታሠራላት ታገሥ።

ያሳደርኩብህን ጥያቄ ልመልስልህ። የወንዝ ሸለቆ ከተሞች ሙታናቸውን የት ይቀብሩ ነበር ብለሃል። ፔፐርህን በዚህ ላይ ልጽፍ ነው ማለትህ ሌላ ርዕስ አጥተህ ነው? ንግድ አለ፣ መንኮራኩር አለ፣ የቢራ ጠመቃም አለ። እሺ፣ እንዳልክ።

አብርሃም ወጣባት በምንላት በኡር ከተማ ብዙ ቤተሰብ ሙታኑን የሚቀብረው ከገዛ ቤቱ ወለል በታች ነበር። ጡቡን ያነሣሉ፣ ይቆፍራሉ፣ ሰውየውን ያስገባሉ፣ ጡቡን ይመልሳሉ። በማግስቱ እዚያው ላይ ይበላል፣ እዚያው ላይ ሕፃን ይድሃል። ሙት ይጠማል ብለው ስለሚያምኑ በሸክላ ቧንቧ ውሃ ወደ ታች ያፈሱላቸዋል። ሩቅ አገር የሰነበተ ልጅ ቢመለስ እናቴን የት አደረጋችኋት ብሎ የሚጠይቀው ሰው አያስፈልገውም፤ ወለሉን ማየት ይበቃዋል። ኢንደስ ሸለቆ ላይ ግን ይህን አላደረጉም። መቃብራቸው ከከተማው ወጣ ያለ ነው፣ ከሟቹ ጋር የሚያስቀምጡትም ጥቂት ሸክላ፣ አንዳንዴ ዶቃ ነው። መንገዱን አቅንተው፣ የፍሳሽ ቦዩን በጡብ ከድነው፣ ጉድጓድ ቆፍረው ያን ሁሉ ከተማ የሠሩ ሰዎች ለሞት ብዙም ድግስ አልደገሱም።

የትኛው ይሻላል ብለህ እንዳትጠይቀኝ።

ሐምራዊት ከኋላዬ መጥታ ቆመች። አማርኛ ቶሎ ማንበብ ስለማትችል ምን እየጻፍክለት ነው ብላ ጠየቀችኝ። ታሪክ ነው አልኳት። ወደ መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች።

አያትህ

ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዳጊ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ቅዳሜ በር ድረስ መጥተህ ለምን ተመለስክ ብለሃል። ያ ዘበኛ አያትህ መጥቶ ነበር ብሎ ይነግርሃል ብዬ አላሰብኩም፤ ለካ እዚያም ወሬ ይዞራል። ሆዴን አሞኝ ነው። መንገድ ላይ ያቆምንበት ቦታ አንድ ሳንድዊች በላሁ፤ የባቢሎንን ሠራዊት የሚያስቆም ሳንድዊች ነው። ነጠላ ለብሰው አብረውኝ የነበሩት ሽማግሌዎች ጥምቀት ሊያከብሩ የወጡ ናቸው። ጥምቀት ካለፈ ሳምንት ሊሆነው ነው ካልከኝ፣ የእኛ ሰው ሁሉን ነገር አርፍዶ እንደሚጀምር ረስተሃል ማለት ነው።

ከተሞቹ ለምን ወደቁ ላልከው፣ አንድ ምክንያት ብቻ የሚሰጥህን ሰው አትመነው። ጦርነት አለ፣ ወንዙ አቅጣጫውን ለውጦ ከተማውን ደረቅ ላይ ጥሎት መሄድም አለ። እኔ ለተማሪዎቼ ማስተማር የምወደው ግን ጨውን ነበር። የሱመር ሰዎች ማሳቸውን ያጠጡታል፣ ፀሐይ ውሃውን ትወስደዋለች፣ ውሃው ይዞት የመጣው ጨው መሬት ውስጥ ይቀራል። በመጀመሪያ አይታይም። ማሳው ለምለም ነው፣ ሁሉም ደስተኛ ነው። ቆይቶ ስንዴው እየሳሳ ሄደ፤ ጨው ይችላል ብለው ገብስ ዘሩ። ቆይቶ ገብሱም ደከመ። ክፉ ነገር አልሠሩም እኮ። ውሃ ነው ያጠጡት።

ፔፐርህን ማስገባትህ ጥሩ ነው። ውጤትህን ጻፍልኝ።

እናትህ ሰላም ብላሃለች።

አያትህ

ፌብሩዋሪ 25፣ 2025

ለአባባ፣

ባለፈው ሳምንት ከሊንደን ሰፈር አንድ ታዴዎስ የሚባል ልጅ እዚህ አዲስ ገባ። ምሳ ሰልፍ ላይ ሐበሻ ነህ ወይ አለኝ፣ ስሜን ነገርኩት። «ኦ፣ የእትዬ መሰረት ልጅ፣ ነፍስ ይማር» አለኝ። «ለቅሶው ላይ ነበርኩ፣ ውሃ ሳድል ነበር» አለ። ትሬይ ይዤ ቆሜያለሁ። ሌላ መሰረት ትሆናለች አልኩት። አይ አለ፤ ልጇ እስር ቤት ያለው፣ አባቷ ጋሽ ጀማነህ አስተማሪ የነበሩት።

ማንም አልያዘኝም። ተቀመጥኩ፣ ሰዓቱ አለቀ፣ ተነሥ አሉኝ፣ ተነሣሁ።

የእስር ቤቱን ቄስ፣ ቻፕሊኑን፣ ጠየቅኩት። ፋሚሊህ ሪክዌስት አድርጎ ቢሆን ኖሮ ልንወስድህ እንችል ነበር፣ ፕሮሚስ ባላደርግም አለኝ። ሐምራዊትን ኮል አደረግኳት። እሷ ስታለቅስ ሰዓቱ አለቀ።

ፔፐሬ ኤ አገኘ። ፕሮፌሰሯ የኡር ቤቶች የምትለው ክፍል በጣም ቆንጆ ነው ብላ ጽፋበታለች። ያንን ክፍል ከደብዳቤህ ነው የወሰድኩት። አባባ፣ አንተ ያንን ስትጽፍልኝ እናቴ ፊውነራል ሆም ውስጥ ነበረች። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ የሌላ ሰው እናት የት እንደተቀበረች አጠናለሁ። ከዚያ ደግሞ ሰላም ብላሃለች አልከኝ።

ለአሁን አትምጣ። ስልክም አትጠብቅ። አንድ ነገር ብቻ ጻፍልኝ። እንዴት እንደሞተች፣ እንዴት እንደቀበራችኋት፣ የት እንዳለች። ሁሉንም። ጆክ አታስገባበት፣ ታሪክም አታስተምረኝ።

ዳጊ

መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዳጊ ልጄ፣

በይቅርታ አልጀምርም። በየደብዳቤው አናት ላይ ይቅርታ ስጽፍልህ ከርሜያለሁ፣ ዋጋ አሳጥቼዋለሁ። የጠየቅከውን እጽፋለሁ።

የሞተችው ዓርብ ጠዋት ነው፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ ሲነጋጋ። ሐምራዊት በአንዱ በኩል፣ እኔ በሌላው በኩል ተቀምጠን ነበር። የመጨረሻዎቹን ቀናት ምግብ አልወሰደችም፤ ከንፈሯን በእርጥብ ጥጥ እናብስላት ነበር። ተኝታ ነው የሄደችው፣ ሳይታወቃት። ትንፋሿ እየራቀ እየራቀ ሄዶ ቀጣዩ ሳይመጣ ቀረ። ነርሷ ገብታ ሰዓቱን አየች። ሐምራዊት ጫማዋን አውልቃ አልጋው ላይ ወጣችና አጠገቧ ተኛች። ተነሽ የሚላት አልነበረም።

ቀብሩ በበረዶው ምክንያት ከልደት በኋላ ሆነ። ያጠቡዋት መዓዛና ሌሎች ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ናቸው። መዓዛ ስትወጣ «ልጅ ሆናለች» ብላኝ አለፈች፤ በጣም ቀልላ ነበር ማለቷ ነው። ነጭ ቀሚስ ለበሰች፣ በላዩ ላይ ተገነዘች። ሳጥኑ ላይ ያደረግነው ፎቶ አንተን አቅፋ ኤርፖርት የተነሣችውን ነው። ሐምራዊት ናት የመረጠችው። ብቻዋን የሆነችበት ይሻላል ያለ ሰው ነበር፤ እሷ ሰውየውን አየችው፣ ፎቶው እዚያው ቀረ።

ፍትሐቱ ላይ አዳራሹ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከዌርሃውሱ የመጡ ሴቶች ነበሩ፣ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ፤ ከሺፍት ወጥተው ነው። ሙኒራ የምትባለው፣ ከእናትህ ጋር አንድ መስመር ላይ የምትሠራው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሳትገባ ፓርኪንጉ ውስጥ በብርዱ ቆማ ጨረሰች። በኋላ ቀርቤ ሳመሰግናት «ጋሼ፣ ሁልጊዜ ብሬክ ላይ የዳጊን ደብዳቤ ታነብልኝ ነበር» አለችኝ። ፀሐፊ የሆንክ ይመስላት ነበር። አላረምኳትም።

መቃብሩ ከቤታችን ሩቅ አይደለም። መሬቱ ወደ አላም ክሪክ ያዘቀዝቃል፤ አናቱ ላይ ሆነህ ስታይ ዛፎቹ መሐል ውሃው ይታያል። መሬቱ ቀዝቅዞ ድንጋይ ስለሆነ በማሽን ነው የተቆፈረው። የመቃብሩ ሠራተኛ እኛ ስንሄድ በማሽኑ ሊደፍነው አስቦ ነበር፤ ወንዶቹ አካፋ እንዲሰጣቸው ለመኑት። ከመኪናው ሁለት አወጣላቸው። ተራ በተራ አፈር አለበሷት። እኔም ሁለት አካፋ ጣልኩ፣ ሦስተኛውን ክንዴ እምቢ አለ። አፈሩ ግራጫ ነው፣ ልም ነው፣ ድንጋይ የለበትም። ወንዙ ድሮ ያመጣው ደለል መሆን አለበት። ታሪክ አታስተምረኝ ብለሃል፣ አላስተምርህም። ምን ውስጥ እንዳለች ስለጠየቅከኝ ነው።

ስሟ የተጻፈበት ድንጋይ ገና አልቆመም። ለጊዜው ትንሽ የብረት ምልክት አለች። ከበሩ ገብተህ ወደ ቀኝ፣ ሁለቱን የዝግባ ዛፎች አልፈህ፣ ከዚያ ወደ ውሃው። የሚያሳይህ ሰው ባይኖርም ታገኛታለህ።

ያን ቅዳሜ ሆዴን አላመመኝም። ላረዳህ ነበር የመጣሁት፣ ወልደየሱስንና ሌሎች ሦስት ሽማግሌዎችን ይዤ፣ ሐምራዊት እየነዳች። በጨለማ ተነሥተን ነው የመጣነው፣ እንደ ደንቡ ማለዳ እንድንደርስ። በሩ ላይ እንድንገባ የተፈቀደልን እኔና ሐምራዊት ብቻ ነን አሉን፤ የሌሎቹ ስም ቀድሞ መመዝገብ ነበረበት። ማናችንም ይህን አላሰብንም። ሽማግሌ ለመርዶ ሲመጣ ስሙን የሚጠይቅ ሰው አጋጥሞን አያውቅም። ወልደየሱስ «አንተ ግባ፣ እኛ እዚህ እንጸልያለን» አለኝ። ሐምራዊት እጄን ይዛ ጎተተችኝ። መግባት እችል ነበር። ግራና ቀኝ የሚይዝህ ሳይኖር መናገር አልሆነልኝም፤ እኔን የሚይዘኝም ስላልነበረ ነው መሰለኝ። ተመልሼ መኪናው ውስጥ ገባሁ። ሐምራዊት እስካሁንም ከአስፈላጊው በላይ አታናግረኝም፣ እንደ ድሮው እንኳ አትቆጣኝም።

መርዶ የተሠራው በሩ ለጎረቤት ክፍት ለሆነ ቤት ነው። ያንን ደንብ ይዤ አንድ አንድ ሰው ብቻ ከሚያስገባ በር ፊት ቆምኩ። ደንቡ አንተን የሚጠብቅ መሰለኝ። እናትህን የምታይበትን ያን ጥቂት ጊዜ ወሰድኩብህ፣ ልመልሰውም አልችልም። ካቴናውን ፈርቼልህ ነበር። እሷ ግን ካቴናውን አታየውም ነበር፤ አንተም ብትሆን ከእሷ ፊት ሌላ ምንም አታይም ነበር። ይህን አሁን ነው የማስበው።

ስለ ኡር የጻፍኩልህ በሙሉ እውነት ነው፣ ኤ ያገኘኸው በእውነት ነው። በታሪክ ላይ ዋሽቼ አላውቅም። የዋሸሁት በእናትህ ላይ ነው።

እስክትጠራኝ ድረስ አልመጣም። ስትጠራኝ ብቻዬን እመጣለሁ።

ደብዳቤውን ላሽገው ስል መልሼ አነበብኩት። አንድ ቦታ ላይ ፈጥሬያለሁ፤ ሌላው ሁሉ እንደነበረው ነው። የፈጠርኩት ተኝታ ነው የሄደችው ያልኩትን ነው። አልተኛችም። እስከ መጨረሻው ነቅታ ነበር፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ማን እንደገባ ለማየት አንገቷን ታቀና ነበር።

ጀማነህ